ወፍራሙን ልብወለድ በግሩፕ አንብቦ መጨረስ (ወደኋላ የቀረውን ሰው ሳታባርሩ)

ወፍራም ክላሲክ መጽሐፍ በግሩፕ ለማንበብ የሞከረ ሰው ሁሉ ታሪኩ አንድ አይነት ነው። መጀመሪያ ቀን 11 ሰው አለ፣ ሁሉም ሞቅ ብሎታል፣ አንዱ የሽፋኑን ፎቶ ይለቃል፣ አንዷ ሶስት ከለር ሃይላይተር እንዳዘጋጀች ትነግረናለች። ሁለተኛው ሳምንት 8 ሰው፣ ሶስተኛው 5፣ አራተኛው ላይ አንድ ሰው "ጓዶች በዚህ ሳምንት ትንሽ ቢዚ ነኝ፣ ወደሚቀጥለው ብናዞረውስ?" ብሎ ይጽፋል፣ ከስሩ ላይክ ይደረደራል፣ በቃ አለቀ። የኔ የመጀመሪያው ግሩፕ እስካሁን ቴሌግራሜ ላይ አለ፣ የመጨረሻዋ መልእክትም ይቺው ናት።

ያኔ መጽሐፉ ከብዷቸው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ቆይቼ አንዷን ጓደኛዬን ለምን እንደተወችው ስጠይቃት ግን ሌላ ነገር ነው ያለችኝ። አንድ ሳምንት አመለጣት፣ ለቀጣዩ 60 ገጽ ተጠራቀመባት፣ ሳታነብ መጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ ያነበበች መስላ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ ዋለች፣ ከዛ በኋላ መምጣቱ አሳፈራት። መጽሐፉንማ ወዳው ነበር እኮ! ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቅኩ፣ ወሬው ያው ነው፣ መጽሐፉ ከብዶኝ ነው ያለኝ አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም ወደኋላ ቀርቶ አፍሮ ነው የጠፋው። ስለዚ ሁለተኛውን ግሩፕ ስንጀምር ሁሉንም ነገር በዚህ አይን ነው ያየነው፣ ሰው ወደኋላ መቅረቱ አይቀርም፣ ሲቀር በቀላሉ የሚመለስበት በር አለ ወይ? 5 ሰዎች ሆነን የራሺያዊውን የቶልስቶይን "ጦርነትና ሰላም" ጀምረን 5ታችንም ጨረስን፣ ከ8 ወር በላይ ፈጅቶብናል፣ መሃል ላይ ሁለት ሰው ከ80 ገጽ በላይ ወደኋላ ቀርቶ ያውቃል፣ አንደኛው እኔ ነኝ።

እና እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ።

መጽሐፍ መምረጥ ላይ

ድምጽ አትስጡ። 15 መጽሐፍ ደርድራችሁ ፖል ስትከፍቱ የሚያሸንፈው ማንም ያልጠላው ግን ማንም አጥብቆ ያልፈለገው መጽሐፍ ነው፣ እንደዚህ አይነት መጽሐፍ ደግሞ 300ኛው ገጽ ላይ የሚሟገትለት ሰው አያገኝም። አንድ ሰው "እኔ ይሄን መጽሐፍ ሳላነብ መሞት አልፈልግም" ይበልና ሌላው እሺ ወይ እምቢ ይበል፣ የሚበቃው ይሄ ነው። ቁጥሩ ከ4 እስከ 6 ቢሆን ጥሩ ነው፣ 3 ሲሆን አንድ ሰው ሲቀር ስብሰባው የሁለት ሰው ወሬ ይሆናል፣ 8 ሲሞላ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው መፈጠሩ አይቀርም።

ሌላው የማየው ነገር የምዕራፎቹ ርዝመት ነው። ሰው የሚፈራው የገጹን ብዛት ነው፣ ግን 1200 ገጽ ሆኖ ምዕራፎቹ አጫጭር የሆኑ መጽሐፍ 400 ገጽ ሆኖ ትንፋሽ ከማይሰጥ መጽሐፍ በጣም ይቀላል። "ጦርነትና ሰላም" 361 ምዕራፍ ገደማ አለው፣ አብዛኛው ሶስት አራት ገጽ ነው፣ በቀን አንድ ምዕራፍ እያሉ በአንድ አመት የሚጨርሱት ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው። የሜልቪል "ሞቢ ዲክ"ም 135 ምዕራፍ አለው፣ አንዳንዱ ሁለት ገጽ አይሞላም። በዛኛው ጫፍ ደግሞ በከባድነቱ የታወቀው የጄምስ ጆይስ "ፊኔጋንስ ዌክ" (1939) አለላችሁ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የንባብ ግሩፕ በ1995 ጀምሮት በ2023 ነው የጨረሰው፣ 28 አመት! በአንድ ስብሰባ አንድ ሁለት ገጽ ብቻ እያነበቡ። የመጽሐፉ የመጨረሻ አረፍተ ነገር ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚገጥም ከጨረሱ በኋላ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ እንደገና ከገጽ 1 ጀመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከዚህ መጽሐፍ ራቁ፣ እነሱን ግን አከብራቸዋለሁ።

ኤዲሽን ነገር

እዚ ጋ ብዙ ግሩፕ ሳያውቀው ይበላሻል። አንዱ ፒዲኤፍ አውርዷል፣ አንዱ የታተመውን ይዟል፣ አንዷ ኦዲዮቡክ ነው የምትሰማው፣ ከዛ "እስከ ገጽ 140 አንብቡ" ይባላል፣ የማን ገጽ 140? እሺ በምዕራፍ እናድርገው ብትሉም ሁሌ አይሰራም። ለምሳሌ "ጦርነትና ሰላም" 4 ቅጽ ተብሎ ነው በብዛት የሚከፋፈለው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኘው የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን 15 መጽሐፍ ብሎ ነው የከፈለው፣ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ በአንዱ 25 ምዕራፍ በሌላው 28 ምዕራፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኛ ሁለተኛው ሳምንት ላይ 20 ደቂቃ ሙሉ ስለተለያየ ነገር እያወራን እንደተግባባን ነበር የምናስበው 😂። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የሳምንቱን ድርሻ ስትለጥፉ ማቆሚያውን በሁኔታ ጻፉት፣ "እገሌ ከቤት ወጥቶ ሰረገላው ላይ እስኪሳፈር" በሉ፣ ይሄ በየትኛውም ኤዲሽንና በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ትርጉም የግድ አንድ አይነት መሆን የለበትም፣ እንደውም የተለያየ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። "ጦርነትና ሰላም" ገና ሲከፈት ገጸባህሪዎቹ ፈረንሳይኛ ነው የሚያወሩት፣ አንዳንድ ተርጓሚ ፈረንሳይኛውን እንዳለ ትቶ ትርጉሙን ከስር በግርጌ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ጠቅላላ ተርጉሞ ያልፈዋል። የኔ ትርጉም ውስጥ ፈረንሳይኛው ጠፍቶ ስለነበር ሰዎቹ ሊዋጉት የተነሱትን የናፖሊዮንን ቋንቋ እያወሩ እሱኑ ሲሰድቡ እንደነበር ያወቅኩት ከጓደኛዬ ኮፒ ነው፣ ብቻዬን ባነብ ኖሮ ይሄ ቀልድ ያመልጠኝ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ያጠረ ቅጂ እንዳይሆን ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ። "ሞቢ ዲክ" በ1851 ለንደን ላይ መጀመሪያ ሲታተም የመጨረሻዋ አጭር ክፍል ሳትገባ ቀርታ አንዳንድ ተቺዎች "ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ተርፎ ነው የነገረን?" ብለው ደራሲውን ተሳልቀውበታል። አንድ ገጽ የምትሞላ ነገር ጎድላ!

ስንት ስንት እናንብብ?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ በጉጉቱ ልክ ነው የሚያቅደው። "በቀን 30 ገጽማ ምን አላት" ይባላል፣ 1200 ገጽ በ40 ቀን ማለት ነው፣ ስሌቱ ልክ ነው ችግሩ ሰው ይታመማል፣ ስራ ይደራረብበታል፣ ልጅ ያለቅስበታል፣ ወይ በቃ አንድ ሳምንት መጽሐፍ ያስጠላዋል። እኛ በሳምንት 12 ምዕራፍ አልን፣ ወደ 40 ገጽ ነው፣ ይሄ 30 ሳምንት ይመጣል፣ ከዛ በየአራት ሳምንቱ አንድ ባዶ ሳምንት ጨመርንበት፣ 37 ሳምንት ሆነ። በባዶው ሳምንት አዲስ ንባብ የለም፣ ግን እንገናኛለን። የቀረ ሰው ይደርሳል፣ የደረሰ ሰው የወደደውን ቦታ ደግሞ ያነባል። ባዶ ሳምንቷን ቀን ቆርጣችሁ ካሌንደር ላይ ከመጀመሪያው አስገቧት፣ "ሲያስፈልግ እናርፋለን" ካላችሁ ማንም ደፍሮ እረፍት አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው።

በዝግታ ማንበብ ደግሞ የሰነፍ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እነዚህ መጽሐፎች ሲወጡም እንደዛ ነው የተነበቡት። የ"ጦርነትና ሰላም" መጀመሪያ ከ1865 ጀምሮ በመጽሔት ነበር በክፍል በክፍል የወጣው፣ ሙሉው በ1869 ነው ታትሞ ያለቀው። የዶስቶየቭስኪ "የካራማዞቭ ወንድማማቾች"ም በ1879 እና በ1880 በዛው መጽሔት ነው የወጣው። አንባቢው ቀጣዩን ክፍል ወር ይጠብቃል፣ እስከዛ ያወራበታል፣ ይከራከርበታል፣ ልክ እኛ ተከታታይ ድራማ ላይ እንደምናደርገው።

የስም ወረቀት

ይሄን ካልሰራችሁ እንዳትጀምሩ፣ የምሬን ነው። የራሺያ ልብወለድ ላይ አንድ ሰው ሶስት አራት መጠሪያ አለው፣ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም በወንድ ከሆነ "-ኦቪች" ወይ "-ኤቪች" በሴት ከሆነ "-ኦቭና" ወይ "-ኤቭና" ተጨምሮበት፣ የቤተሰብ ስም፣ ከዛ ደግሞ የቁልምጫ ስም። ድሚትሪ ሚትያ ይባላል፣ አሌክሴይ አልዮሻ ይባላል፣ ይሄን ያላወቀ ሰው አንድን ሰው ሁለት አድርጎ 100 ገጽ ይሄዳል። በዛ ላይ ስም ይደጋገማል። "ጦርነትና ሰላም" የሚጀምረው በአንድ የምሽት ግብዣ ነው፣ ጋባዧ አና ፓቭሎቭና ናት፣ እዛው ግብዣ ላይ ለልጇ ጥሩ ምድብ ልትለምን የመጣች እናት አለች፣ እሷ ደግሞ አና ሚኻይሎቭና። የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ አንዱ ጓደኛችን ሴትዮዋ በራሷ ግብዣ ላይ ለምን እንደምትለማመጥ አልገባኝም ብሎ ሲናደድ ቆይቶ "ቆይ፣ አና የቱ?" ሲል ነው ሁለት አና እንዳለች የነቃው።

ወረቀቱ እንዴት ይሰራል፣ አንድ ሼርድ ፋይል ክፈቱ፣ በሰው አንድ መስመር፣ መጠሪያዎቹ በሙሉ፣ ከማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ እና አንድ የማይረሳ ምልክት። ምልክቷ ናት ዋናዋ። "ልዑል፣ የእገሌ ልጅ" ብትሉ ማንም አያስታውስም፣ "መነጽር ያደረገው ግዙፉ፣ ግብዣ ላይ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የማያውቀው" ስትሉ ግን ፒየር ነው፣ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ የተዘጋጀ ዝርዝር አለ አትበሉኝ፣ እሱ ማን ማንን እንደሚያገባና ማን እንደሚሞት ነው አብሮ የሚነግራችሁ። በዛ ላይ ራሳችሁ ስትጽፉት ነው የሚያዘው።

ስብሰባው ራሱ

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በአካልም ይሁን በቪዲዮ፣ ቀኑና ሰዓቱ አይቀየርም። ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ይካሄዳል። ይሄን ህግ ብዙዎች ጭካኔ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ተገላቢጦሽ ነው የማየው፣ ስብሰባ አንዴ ለአንድ ሰው ተብሎ ከተዘዋወረ ያ ሰው ባለዕዳ ይሆናል፣ በቋሚ ቀን ከሆነ ግን የቀረ ሰው ማንንም አልጎዳም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዝም ብሎ ብቅ ይላል።

አጀማመሩ እንዲህ ነው፣ ሁሉም የት እንደደረሰ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል። "ክፍል 2 ምዕራፍ 7።" ምክንያት የለም፣ ይቅርታ የለም። እኛ "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ጭራሽ ከልክለነው ነበር፣ ምክንያቱም አንዱ ይቅርታ ካለ ቀጣዩም ይላል፣ ከዛ አስር ደቂቃ ስለስራ ብዛት ነው የምታወሩት። ከዛ የሳምንቱ ተረኛ የተነበበውን በሶስት አራት ደቂቃ ይተርካል፣ እንደ ወሬ፣ "ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ" እያለ። ይቺ ትረካ ሁለት ስራ ነው የምትሰራው፣ ያላነበበውን ታደርሳለች፣ ያነበበውን ደግሞ ታጋልጣለች። በእንግሊዝኛ አንብባችሁ በአማርኛ ስትተርኩት የት ጋ እንዳልገባችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ፣ እኔ አንድ ሙሉ የጦር ሜዳ ምዕራፍ ገብቶኝ መስሎኝ ልተርክ ስጀምር ማን ከየት ወደየት እንደሚሄድ አንድም ነገር እንደማላውቅ አየሁት።

ከዛ ወደ ጥያቄ። እዚ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። "ደራሲው ምን ማለት ፈልጎ ይመስላችኋል?" ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው ተማሪ ቤት የተመለሰ ይመስለውና ጸጥ ይላል፣ ወይ ደግሞ አንዱ አዋቂ 15 ደቂቃ ሌክቸር ያደርጋል። ተረኛው አንድ አንቀጽ መርጦ ይምጣ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ጥያቄውም ጣት ጽሑፉ ላይ ጠቁሞ የሚመለስ ይሁን። አንድ ላሳያችሁ (ስፖይለር አለበት፣ ግን ሩብ መጽሐፍ ሳይደርስ ነው፣ ቻሉት)። ከ"ጦርነትና ሰላም" ዋና ገጸባህሪዎች አንዱ አንድሬይ፣ ኦስተርሊትዝ በሚባለው ጦርነት ላይ ተመቶ በጀርባው ይወድቃል። አይኑን ሲገልጥ ሰማይ ብቻ ነው የሚያየው፣ ከፍ ያለ ሰማይ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ደመና። ይሄን ቦታ ሁሉም ያውቀዋል፣ "ሰማዩ የምን ምሳሌ ነው" ብላችሁ ብትጠይቁ "የሰላም" "የእግዜር" ተብሎ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የኛ ተረኛ ግን የጠየቀችው "አይኑን የገለጠው ምን ሊያይ ነበር?" ብላ ነው። ዝም አልን። ተመልሰን አነበብነው። ከመውደቁ በፊት አንድ ቀይ ጸጉር ያለው መድፈኛና አንድ የፈረንሳይ ወታደር የመድፍ መወልወያ እንጨት ይዘው ሲጓተቱ አይቶ ነበር፣ አይኑን የገለጠውም የዛ ጉተታ መጨረሻ ምን እንደሆነ ሊያይ ነው። እንጨቷን ማን እንደወሰዳት! ከዛ ያቺ እንጨት የለችም፣ ሰማይ ብቻ። 40 ደቂቃ ነው በዚች ያወራነው፣ አምስታችንም፣ አንድም ሰው ስለምሳሌ አላነሳም፣ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የጀመረውን ትንሽ ነገር መጨረሻ ለማወቅ እንዴት እንደሚጓጓ ነበር ወሬው።

ብዙ የሚያወራ ሰው ሁሌም አለ (አንዳንዴ እኔ ነኝ)። ህጉ አጭር ነው፣ ሁለቴ የተናገረ ሰው ሶስተኛ ከመናገሩ በፊት ያልተናገረውን ያስቀድማል። እና መጽሐፉን በፊት ያነበበ ሰው ካለ "ቆይ ገና ታያላችሁ" ማለት ክልክል ነው፣ ፈገግታውንም ቢቀንስ ደስ ይለናል።

ወደኋላ ሲቀር

ከሁለት ሳምንት ንባብ በላይ የቀረ ሰው ይዘላል። ይችላል አላልኩም፣ ይዘላል። ተረኛ የነበሩት ሰዎች ትረካቸውን በቮይስ ግሩፑ ላይ ይለቁለታል፣ እሱ እሷን ሰምቶ የዚህን ሳምንት ምዕራፍ ከኛ እኩል ይጀምራል፣ የዘለለውን በባዶው ሳምንት ያነበዋል ወይም አያነበውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ሰው "ሳላነብ አልዘልም" የሚለው ህሊናው ስለማይፈቅድለት ነው፣ ግን አስቡት፣ ያመለጠውን 80 ገጽ እስኪጨርስ እኛ ሌላ 80 ገጽ ሄደናል፣ መቼም አይደርስብንም፣ በመጨረሻ ይተወዋል። 80 ገጽ ዘሎ 1100 ገጽ ያነበበ ሰው ይሻላል ወይስ ህሊናው ንጹህ ሆኖ 200 ላይ የቆመ? እኔ ፒየር ፍሪሜሰን የሚባለው ምስጢራዊ ማህበር ውስጥ የሚገባበትን ክፍል ዘልዬ ነው ያለፍኩት፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ አነበብኩት፣ እንደውም ሰውዬውን ካወቅኩት በኋላ ስለነበር የበለጠ ጣመኝ።

ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ ለየሳምንቱ አንድ ቶፒክ ክፈቱ፣ የዛን ሳምንት ወሬ እዛው ብቻ ይጻፍ፣ ያልደረሰ ሰው አይክፈተው። የማይሆን ሰዓት ላይ "ኧረ እንዴት ሞተ!!!" የሚል ሰው ግሩፕ ያፈርሳል። ኦዲዮቡክ የሚሰማ ሰውም አንብቧል ነው የሚባለው፣ በዚህ ክርክር የለም።

አሰልቺ ምዕራፎች

ይኖራሉ። "ሞቢ ዲክ" 32ኛ ምዕራፍ ላይ ታሪኩ ቆሞ ዓሣ ነባሪዎችን እንደ መጽሐፍ መጠን ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ እያለ መመደብ ይጀምራል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወርደው። እንዲህ አይነት ቦታ ስትደርሱ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይውሰደው፣ ለሌላው በ5 ደቂቃ ሪፖርት ያድርግ፣ የፈለገ ያነባል ያልፈለገ ያልፋል። የሚገርመው የሚወስደው ሰው ብዙ ጊዜ ወዶት ይመጣል፣ ምክንያቱም ለሌላ ሰው ሊነግር ስለሚያነበው የሚያስቀውን ነገር ይፈልጋል። "ጦርነትና ሰላም" መጨረሻ ላይም ሁለት ኤፒሎግ (የመዝጊያ ክፍል) አለ፣ አንደኛው 16 ምዕራፍ ነው የሰዎቹን መጨረሻ ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው 12 ምዕራፍ ነው፣ እሱ ላይ ገጸባህሪ የሚባል የለም፣ ታሪክን ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው የሚል ክርክር ብቻ ነው። 12ቱን ለ5 ሰው አከፋፈልነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ትርፎቹ ሁለቱ ለሃይላይተሯ ባለቤት ደረሱ። አዎ እሷው ናት፣ ከመጀመሪያው ግሩፕ።

የመጨረሻው ስብሰባ ላይ "መጽሐፉን ከ10 ስንት ትሰጡታላችሁ" አይነት ነገር አትጀምሩ። እኛ ያደረግነው ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተመልሰን ተራ በተራ ጮክ ብለን ማንበብ ነው። ከ8 ወር በፊት ማን ማን እንደሆነ ጠፍቶን ስንደናበርበት የነበረውን ግብዣ አሁን እንደገና ገባንበት፣ በሩ ላይ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እናውቀዋለን፣ የትኛው የት እንደሚደርስም እናውቃለን። አና ሚኻይሎቭና ልመናዋን ስትጀምር ያ "አና የቱ?" ያለው ጓደኛችን ድምጿን አስመስሎ ማንበብ ጀመረ፣ ሳናስቆመው ለቀቅነው፣ ምዕራፉን እሱ ጨረሰው።